ሰባ ስድስት ቀን ያደረ ደብዳቤ

ዲማ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን ሙሉቀን፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔና የክርስትና እናትሽ ታየች፣ ከጉልበት ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤሽ በአውቶቡስ ደጀን ወርዶ፣ ከደጀን በገበያተኛ እጅ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ፖስተኛ ሆኜ የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ከቁይ ዲማ ስመላለስ ኖሬ፣ በራሴ ስም ፖስታ ሲመጣልኝ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱ ከጡረታ ቢሮ ነበሩ። ታየች «ክፈተው እንጂ፣ ምን ታገላብጠዋለህ!» እስክትለኝ ድረስ ፊትና ጀርባውን ሳይ ቆየሁ።

«ስልክ ለምን አያነሱም?» ላልሽው፣ ጆሮዬን መድፍ ከወሰደው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በስልክ ሳወራ ያኛውም ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ፣ መንደሩ ሁሉ ጉዳያችንን ይሰማል። የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ጻፊልኝ፤ እኔም እጽፍልሻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ልታገቢ መሆኑን ሳነብላት ታየች እልልታዋን ለቀቀችው፤ ዶሮዎቹ ሁሉ ከደጅ ተበተኑ። እናትሽ የዓለምዘርፍ የአባትሽን ደብዳቤዎች «ከእንግዲህ አንቺ ያዢያቸው» ብላ ሰብስባ መላኳም ደግ አድርጋለች። አንድ ቀን ላንቺ መድረሳቸው አይቀርም ነበር።

በፖስታዎቹ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈው ቀን የማን ነው ብለሻል። የኔ ነው። ደብዳቤ ሲዘገይ ሰው ፖስተኛውን ነው የሚያማው። «አንሙት መጠጥ ቤት ረስቶት ነው»፣ «አንሙት ለዘመዶቹ አስቀድሞ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም ለባለቤቱ እጅ በሰጠሁ ቁጥር የዕለቱን ቀን ከጀርባው መጻፍ ጀመርኩ። ከፊት የቁይ ፖስታ ቤት ማኅተም፣ ከጀርባ የኔ እርሳስ። «እንካ ቁጠር! የዘገየው እዚያ ማዶ ነው፣ እኔ ጋ አይደለም» እላለሁ። አፋቸውን አዘጋሁበት። እናትሽ ያኔም ዛሬም ፊደል ስላልቆጠረች፣ የአባትሽን የማነብላትም መልሱን የምጽፍላትም እኔ ነበርኩ።

ስለ መጨረሻው ፖስታ የጠየቅሽው ግን ዘመኑ ርቋል፣ ልጄ። ወንዙ ሞልቶ ይሆናል። ያኔ ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም።

ታየች ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች።

አንሙት

*

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አንሙት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬ ታየች ጉልበትስ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ጓንቴን አውልቄ መተላለፊያው ላይ ቆሜ አነበብኩት። የዶሮዎቹን ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው ሳቁልኝ። ጆሮዎን መድፍ እንደወሰደው ግን አላውቅም ነበር፤ ወታደር ነበሩ እንዴ?

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጋሼ፣ በጥርና በሚያዝያ መካከል የትኛው ወንዝ ነው የሚሞላው? እኔ እዚያው አድጌ በዚያ ወራት ወንዙን በጫማዬ ነው የተሻገርኩት።

እንዳይቀየሙኝ። ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ናሙና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። መቼ ተወሰደ፣ መቼ ደረሰ፣ በመካከሉ የት አደረ። ልማድ ሆኖብኝ የአባቴንም ፖስታዎች እንደዚያው ደረደርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። በአሥሩ ላይ በማኅተሙና በእርስዎ እርሳስ መካከል ያለው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። ጎበዝ ፖስተኛ ነበሩ! አሥራ አንደኛው ግን የቁይ ማኅተሙ ጥር 20 ቀን 1992 ይላል፣ እርሳሱ ደግሞ ሚያዝያ 6። ሰባ ስድስት ቀን። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

ሌላም አለ። የአሥሩ አድራሻ በአንድ እጅ የተጻፈ ነው፣ የአባቴ መሆን አለበት፤ «የ»ን ሲጽፍ እግሯን ይጎትታታል። የመጨረሻው የሌላ ሰው እጅ ነው። ዳር ላይ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አለበት፤ ደብዝዟል፣ «ሆስፒታል» የሚለው ብቻ ይነበባል። ውስጡ ደግሞ ባዶ ነው። አሥሩ ደብዳቤያቸውን እንደያዙ ናቸው፣ እሱ ብቻ ባዶ።

እማዬን ስጠይቃት «ኔትወርኩ አስቸገረ» ትለኝና ትዘጋዋለች። ዕድሜዬን ሙሉ «አባትሽ ከጦርነቱ አልተመለሰም» ከማለት በቀር ነግራኝ አታውቅም። እኔም ሞቷል ብዬ አደግኩ። አሁን ሳስበው ግን «ሞተ» ብላ አታውቅም። ተዝካሩም ሲወጣ አላየሁም። የሰፈራችን ሰው ለሞተ ዘመዱ ተዝካር ሳያወጣ ዓመት ያልፈዋል እንዴ?

ሽማግሌዎች ሲመጡ የአባቴን ነገር ይጠይቃሉ። «ነፍሱን ይማር» ልበል ወይስ ምን ልበል? ይህን ሳላውቅ ማግባት አልፈልግም። እርስዎ ያውቃሉ፣ አይደል?

ልጅዎ ሄለን

*

ዲማ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ፤ ደብዳቤው እስኪደርስሽ በዓሉ ያልፋል ግን ይድረስሽ።

እሺ፣ ወንዙን ተዪው። በቅሎዬ ታማ ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። ታየች ከኋላዬ ቆማ አነበበችና «የቱ በቅሎ? በቅሎ የተሰጠህ በዘጠና አምስት አይደለም እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቋን አቆመችና ወደ ጓዳ ገባች። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ነው የጀመርኩት።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ነበር ለሚለው፣ ያ የእናትሽ ነው። የሰውን ደብዳቤ ለሌላ ሰው አልናገርም። ሃያ አራት ዓመት የታሸገ ፖስታ ከፍቼም አላውቅም፤ ሰው ስለኔ ምንም ቢል ይህን አይልም።

ስለ ወታደርነቴ ስለጠየቅሽኝ ግን ልንገርሽ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በደርግ ጊዜ ሰሜን ስድስት ዓመት ነበርኩ። ጽሑፌ ጥሩ ነው ተባለና መቶ አለቃችን የሟቾችን ደብዳቤ እኔን ያስጽፈኝ ጀመር። ለእናት፣ ለሚስት። አብሬው ከበላሁት ሰው ኪስ አድራሻ አወጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ይሄዳል። ስንቱን ጻፍኩ! እናቶቹ ፖስታውን ሲያዩ የልጃቸው እጅ አለመሆኑን ገና ሳይከፍቱት ያውቁት ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ወደ አገሬ ተመልሼ ፖስተኛ ስሆን እንደዚያ ያለው ፖስታ በተራው ወደኔ መጣ። በዘጠና አንድ ዓመት ብቻ ዘጠኝ ቤት። አንዱንም ለባለቤቱ እጅ አልሰጠሁም። ለንስሐ አባቱ ወስጄ እሰጣለሁ፤ ቄሱ ዘመድ ይሰበስባሉ፣ በማለዳ ሄደው መርዶውን ይነግራሉ። ሰው ብቻውን ቆሞ ከወረቀት ሞት አይሰማም። አራስ ደግሞ ጭራሽ! አራስ ቤት እንዲያ ያለ ነገር ይዤ ልግባ?

በቃ፣ ብዙ ለፈለፍኩ። ስለ ሠርግሽ ጻፊልኝ።

አንሙት

*

ሆሳዕና፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አንሙት፣

ዛሬ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ባልደረቦቼ ኬክ ገዝተው ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆረስን፤ አለቃችን እንዳትሰማ። እጮኛዬም ሽቶ አምጥቶልኛል፣ ይሸታል ብዬ አሳቅኩት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ጣቴን ቆጠርኩ።

የተወለድኩት ጥር 14 ቀን 1992 ነው። ደብዳቤው ቁይ ሲደርስ የስድስት ቀን ልጅ ነበርኩ። አራሷ እማዬ ናት፣ ጋሼ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ የኔ ሚያዝያ 4 ላይ ይወድቃል። እርስዎ ደብዳቤውን የሰጡት ሚያዝያ 6 ነው። ሊደብቁኝ ፈልገው እርስዎው ነገሩኝ።

ስለዚህ እንዲህ ገባኝ። ፖስታውን አዩት፣ የአባቴ እጅ አይደለም፣ የሆስፒታል ማኅተም አለበት። ሞቷል አሉ። እማዬን በአራስ ወገቧ ላለማስደንገጥ ክርስትናዬ እስኪያልፍ ያዙት። ይህ ከሆነ እኔ አልቀየምዎትም፤ እጅዎን ነው የምስመው። እትዬ ታየችም ብትሆን በእርስዎ ቦታ ያንኑ ታደርግ ነበር።

ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም፤ ሲያቃጥለኝ ነው የሰነበተው። መርዶ ከነበረ ሚያዝያ 6 ለምን አልተለቀሰም? ለምን ለቄሱ ሳይሆን ለእማዬ ሰጧት? ወረቀቱስ የት ሄደ?

አባቴ የሞተው መቼ ነው? ወይስ አልሞተም?

ሄለን

*

ዲማ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄለን፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ። ታየች «ዛሬ ካልጻፍክላት ራሴ እጽፍላታለሁ» ብላ እፊቴ ተቀምጣለች። መሠረተ ትምህርት የተማረች ናት፣ ታደርገዋለች።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ እስከ ክርስትናሽ ያለው። ፖስታውን ቁይ ላይ አገላብጬ አየሁት። ሙሉቀን ወዳጄ ነበር። በዘጠና አንድ ፋሲካ ለፈቃድ መጥቶ አንቺን አስጸንሶ ሲመለስ፣ እስከ መኪናው ሻንጣውን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። ያንን ዓይነት ፖስታ በእጄ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ አላውቀውም እንዴ! ሞተ አልኩ። ንስሐ አባታችሁ ያኔ ገዳሙ ሱባኤ ገብተው ነበርና ለታየች ብቻ ነገርኳት። «ለአራስ? እንዳታደርገው!» አለች። ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። በነዚያ ቀኖች እናትሽ «ደብዳቤ የለም?» ስትለኝ «የለም» እላት ነበር።

ክርስትናሽ ካለፈ በኋላ ይዤው ሄድኩ። ቄሱ ተመልሰው ነበር፤ ይዣቸው ሄድኩ፣ ሁለት ሽማግሌም ደጅ አስቀመጥን። እናትሽ የኛን መሰብሰብ አይታ ልትጮኽ ስትል፣ ቄሱ «ይነበብ» አሉ። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፤ ዋናውን እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፣ የራስሽ ነው።

«የዓለሜ፣ ይህን የሚጽፍልኝ አጠገቤ የተኛ ጓደኛዬ ነው። ፈንጂ ሁለቱንም ዓይኔን ወሰደው። ሌላው አካሌ ደኅና ነው። የወለድሽውን ሳሚልኝ። ዓይነ ስውር ባል ይዘሽ መኖር ትችያለሽ ወይ? ካልቻልሽ አልፈርድብሽም፣ ገና ልጅ ነሽ። እዚህ የሚያቆዩኝ እስከ መጋቢት ሠላሳ ነው። እስከዚያ ‹ና› ካላልሽኝ መልስሽን አውቄዋለሁ፤ ሸክም ልሆንብሽ አልመጣም።»

አልሞተም ነበር፣ ሄለን። የሰው እጅ የሆነው ዓይን ስለሌለው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስጽፍ፣ በሕይወት ያለ ሰውም በሌላ እጅ ሊያስጽፍ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዕለቱ ሚያዝያ 6 ነበር። ስድስት ቀን አልፎታል።

እናትሽ በደስታ ቤቱን ዞረችው፤ ሽማግሌዎቹን አቀፈቻቸው። እኔ ሳነብ ያቺን የመጋቢት ሠላሳዋን መስመር ዘለልኳት። ልነግራት አፌ አልቻለም። በስድስት ቀን የትም አይሄድም፣ ይደርስለታል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። «ና በለው» አለችኝ፣ «ና» ብዬ ጻፍኩ፣ ያንኑ ቀን ቁይ ድረስ ሮጥኩ። ሰኔ ላይ «ባለጉዳዩ ወጥቷል» ተብሎበት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እናትሽ የምታውቀው አንድ ነገር ነው። «ና አልኩት፣ አልመጣም።» ሌላ ሴት አገኘ አለች። ያልሞተን ሰው ተዝካር አታወጣለትም፣ የተዋትንም አትጠራውም። አንቺ ፊደል ስትቆጥሪ ጊዜ ፈራሁ፤ አንድ ቀን ታነብላታለች ብዬ፣ እናትሽን «ለሙሉቀን ጡረታ ጉዳይ ያስፈልጋል» ብዬ ወረቀቱን ወሰድኩት። እሷም ፖስታውን ብቻ አስቀመጠች።

ሃያ አምስት ዓመት ነው። ይኸው።

አንሙት

*

ሆሳዕና፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አንሙት፣

መልስ ያዘገየሁት በንዴት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኩልዎትን ሦስት ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ፤ እትዬ ታየች እንድታነባቸው የሚሆኑ አልነበሩም። ደብዳቤውን ስለያዙት አይደለም የተናደድኩት። እሱ ለእኔም ለእማዬም ብለው ነው። ያቺን መስመር ስለዘለሉት ነው። ያን ዕለት ነግረዋት ቢሆን ኖሮ እማዬ እኔን አዝላ ሆስፒታሉ በር ላይ ትቆም ነበር። አያውቋትም?

ከዚያ ንዴቱ ሲበርድልኝ ሌላው ነገር መጣብኝ፤ የት ነው ያለው የሚለው። መቀመጥ አልቻልኩም። ሙሉ ስሙን ይዤ የዓይነ ስውራን ማኅበር ያለበት ከተማ ሁሉ ደወልኩ። አሥራ ሰባተኛው ላይ አንዲት ሴት «ሙሉቀን እንዳላማው? የጎጃሙ? አለ እንጂ!» አለችኝ። አድራሻውን መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

አባቴ በሕይወት አለ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ተቀምጦ መጥረጊያ ያስራል። አላገባም፤ ሴትየዋ «ሚስት አለችኝ ይላል፣ እኛ ግን አይተናት አናውቅም» አለችኝ። ሁለት መጥረጊያ ገዛሁት። ድምፄን ሰማና «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አለኝ። «የጎጃም» አልኩት። «ከየት በኩል?» «ከቁይ ወዲያ።» እጁ ቆመ። ከዚያ አንድ መጥረጊያ ጨምሮ ሰጠኝ።

ልጅህ ነኝ አላልኩትም። ብነግረው «እናትሽስ ምን አለች?» ይለኛል፤ የእሷን መልስ ሳልይዝ ምን ልለው ነው?

ለእማዬ በስልክ ልነግራት እችል ነበር። አልነግራትም። እርስዎ ነዎት የሚነግሯት፤ የዘለሏትን መስመር ጨምረው። ሳይነግሯት ከተማውን አልነግርዎትም። ሽማግሌ መሰብሰብ የለም፣ ጾሙ ይውጣ የለም፣ ጉልበቴን አመመኝ የለም። እሷ አሁን አራስ አይደለችም።

ሄለን

*

ዲማ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄለን፣ «ልጄ» ማለቴን ካልከለከልሽኝ፣

ነገርኳት።

መጋቢት 16፣ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ በዚያው ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ታየች «አብሬህ ልሂድ?» ብላኝ ነበር፣ አይሆንም አልኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ተቀመጥ ስትለኝም አልተቀመጥኩም። ከፖስታው ጀምሬ እስከ ስድስቱ ቀን። ስድስቱን ቀን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ከዚያ «ታዲያ አልተወኝም በለኛ!» አለች። ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ፣ ምስሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። እኔ ልሰበስብላት ጎንበስ ስል «ተወው! ውጣልኝ!» አለችኝ። «ሃያ አምስት ዓመት እዚህ ቤት እየመጣህ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እኔ ስረግመው ዝም ብለህ ሰማኸኝ!» እውነቷን ነው። አንዳንዴም «ተይው እባክሽ፣ የወንድ ነገር» ብዬ አጽናንቻታለሁ። ጦር ሜዳ ያላለቀስኩትን በመንገድ ላይ አለቀስኩ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ምን ሆንክ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ አልሰማም።

አባትሽ በሕይወት መኖሩን የነገርኳት ከደጅ ሆኜ ነው፣ በሩን ዘግታብኝ። ከውስጥ ድምፅ አልሰማሁም። ብትናገርም አልሰማም ነበር። ታየች ሄዳ ሁለት ቀን አብራት አደረች።

ትናንት ጠዋት መጣች። ታየችን ሳመቻት፣ እኔን አላየችኝም። ተቀመጠችና «ወረቀት አምጣ» አለች። «ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ። የዚያን ጊዜውን አንተ ስለጻፍከው የዛሬውንም አንተ ትጽፈዋለህ። ስትጨርስ ታየች ታነብልኛለች፤ አንዲት ቃል ብትዘል ወዮልህ።» አልዘለልኩም። ከዚህ ጋር ታስሯል። የከተማውን ስም አልነገርሽኝም፣ አልጠይቅሽምም፤ አድራሻውን አንቺ ሙይበት። ከቻልሽ ግን በፖስታ አትላኪው፣ ራስሽ ይዘሽለት ሂጂ።

እኔን ለሠርግሽ አትጥሪኝ። ታየችን ጥሪልኝ።

አንሙት

*

ለሙሉቀን እንዳላማው፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የዘገየው በኔ አይደለም፤ የዘገየበት ሰው ይኸው ራሱ እየጻፈው ነው። ያኔም ወዲያው «ና» ብዬህ ነበር፣ ሳታገኘው ተመለሰ።

ሃያ አምስት ዓመት ረግሜሃለሁ። ሌላ ሴት ይዘሃል ብዬ እሷንም አብሬ ረግሜአታለሁ፤ የለችም ለካ። ከትናንት ጀምሮ አንስቼልሃለሁ። አንተም የረገምከኝ ካለ አንሣልኝ።

ሁለት መጥረጊያ የገዛችህ ልጅህ ናት። ሄለን ትባላለች። አሁን ይህን የምታነብልህም እሷ ናት፤ እጅህን ዘርጋና ፊቷን ዳስሰው፣ አፍንጫዋ ያንተ ነው። ልታገባ ነው። ቆመህ ትመርቃታለህ።

ዓይነ ስውር ባል ይዘሽ መኖር ትችያለሽ ወይ ብለኸኛል። ያለ ባል ሃያ አምስት ዓመት ኖሬ አየሁት፤ ከዚያ አይከብድም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅህ አልፈልግም። አርጅቻለሁ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ የፊት ጥርሴ ሁለቱ የሉም፣ ወገቤም ጎብጧል። ሌላ ወንድ ቢሆን አፍር ነበር። አንተ ግን መጨረሻ ያየኸኝ በፋሲካ ሰሞን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነው። ድምፄ እንዳልተለወጠ ታየች እዚህ ተቀምጣ ትመሰክርልኛለች። ላንተ እንግዲህ ያችው ነኝ።

ና።

የዓለምዘርፍ